ሰሜኑ ሆሳዕና፣ ደቡቡ ሶዶ

ኳስ የሚተነትኑ ሰዎች አገሩን ለሁለት መክፈል ይወዳሉ። የጎንደሩ ፋሲል ከሀዋሳ፣ ባህር ዳር ከሲዳማ ቡና፣ መቐለ ከወላይታ ድቻ በተገናኘ ቁጥር «የሰሜኑ ክለብ» እና «የደቡቡ ክለብ» ይባላል፤ ስለ ጉልበትና ስለ ኳስ ንክኪ ተከትሎ የሚመጣውን ወሬ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ከምባታ ውስጥ፣ ዶዮገና ላይ ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ግን ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ከዚህ ሲታይ ሰሜን ማለት ሆሳዕና ነው፣ ደቡብ ማለት ሶዶ ነው። በአንድ በኩል የሚሄደው ሚኒባስ የሆሳዕናው ክለብ ነብሮቹ ዘንድ ያደርሳል፣ በሌላው በኩል የሚሄደው የወላይታ ድቻ የጦና ንቦች ዘንድ። ዱራሜ ደግሞ በጎን አለች፤ የከምባታ ዞን ከተማ እሷ ናትና ዝምድናው ወደዚያ ይጎትታል።

ደጋፊውን በማሊያው እለያለሁ ያለ ሰው እዚህ ይቸገራል። የሚታየው አርሰናል ነው፣ ማንቸስተር ነው፣ አልፎ አልፎ ቼልሲ። የባጃጁ መስታወት ላይ የአርሰናል መድፍ ተለጥፏል፤ የፀጉር አስተካካዩ በር ላይም ያው መድፍ። የዲኤስቲቪ ቤቱን አግዳሚ ጢም አድርጎ የሚሞላ የሰሜን ደርቢ ቢኖር የሰሜን ለንደኑ ነው፤ አርሰናልና ቶተንሃም። በግ እንኳ በትውልድ ሐረጉ ተመዝግቦ፣ አውራው ተመርጦ በሚረባበት ወረዳ (የዶዮገና በግ ስሙ ተመራማሪዎች ዘንድ ደርሷል) የኳስ ደጋፊው ሐረግ እንደዚህ ተደበላልቋል።

አንድ ሱቅ ውስጥ ውሃ ስገዛ ባለሱቁን፣ ወጣት ነው፣ የማን ደጋፊ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«የሀምበርቾ ነኝ ጋሼ።»

«ሀምበርቾ እኮ ወርዷል።»

«እና? ተራራው አልወረደም።»

ሀምበርቾ የዱራሜው ክለብ ስም ከመሆኑ በፊት የተራራ ስም ነው፤ 777 ደረጃ ተሠርቶለት ጎብኚ የሚያለከልክበት የከምባታ ተራራ። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ስለማይለቀቅ ቀጠልኩ። ሆሳዕናን ይደግፍ እንደሆነ ጠየቅኩት። «በጭራሽ» አለ። ከጎንደር ጋር ሲጫወትስ? «ያኔማ ያው ሆሳዕናን ነው።» ሆሳዕና ከድቻ ከሆነስ? ሳቀ። «እሱን ባለቤቴ ባለችበት አይጠይቁኝ። ወላይታ፣ አረካ ነው ያደገችው።»

ለእኔ የፉክክሩ ካርታ እዚያ ባንኮኒ ላይ ተዘርግቶልኛል። ጎንደርን ለመጥላት ዶዮገና በጣም ሩቅ ነው። ሰው የሚፎካከረው ገበያ ላይ ከሚያገኘው፣ ልጁን ከሚድርለት፣ ሰርግ ላይ አጠገቡ ተቀምጦ ከሚተርበው ጋር ነው። ለቀልድ ብቻ አይደለም፤ ክፉውም የሚመጣው ከቅርብ ነው። ኅዳር 2010 ወልዲያ ላይ የሰው ሕይወት የጠፋው ወልዲያና መቐለ ሊጫወቱ ሲሉ እንደነበር የማያስታውስ የለም። ተንታኙ በአንድ ቃል «ሰሜን» የሚላቸው ሁለቱ ናቸው።

ቅጽል ስሞቹን ብቻ ላየ ሰው መቼም የሰሜንና የደቡብ ነገር ያለ ይመስላል። ጎንደር ክለቡን «ዐፄዎቹ» አለ፤ ሌላ ምን ሊል ይችላል? መቐለ አንበሳ አወጣ፣ «ምዓም አናብስት»። ወደዚህ ሲመጣ ስሙ ከጫካና ከውሃ ይቀዳል፤ የአርባ ምንጩ አዞ፣ የሀዋሳው ሐይቅ፣ የሆሳዕናው ነብር። እዚህ ላይ አንድ ንድፈ ሐሳብ ልፈጥር ስል ባህር ዳር «የጣና ሞገዶቹ» ብሎ ያፈርስብኛል። ሶዶ ይብስበታል። «የጦና ንቦች» ውስጥ ንቡ አለ፣ በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር የተማረኩት የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦናም አሉ። ንጉሥም ንብም በአንድ ስም መያዝ ዐፄዎቹም ያላሰቡት ነው።

ጣሊያኖች በዚህ ይበልጡናል፤ የእነሱ ሰሜንና ደቡብ የእውነት ነው። ማራዶና በ1987 እና በ1990 እ.ኤ.አ. ናፖሊን ሻምፒዮን ሲያደርግ የደቡቡ ድሃ የሰሜኑን ሀብታም የረታበት ቀን ተብሎ ተዘፍኗል። ግን እነሱም ጋ አንድ ቀዳዳ አለች። ከደቡብ ተነስቶ ቱሪን ፊያት ፋብሪካ ሊቀጠር የሄደው ሠራተኛ፣ የፊያት ባለቤት የአኜሊ ቤተሰብ ክለብ የሆነውን ዩቬንቱስን ወደደ፤ ፍቅሩንም ይዞት ወደ መንደሩ ተመለሰ። ዛሬም በደቡብ ጣሊያን የዩቬ ደጋፊ በሽ ነው። የከምባታና የሀዲያ ሰውም ወንጂ ሸንኮራ ሊቆርጥ ወርዷል፤ በኋላ ደግሞ ልጆቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነጎዱ። እንጀራ ፍለጋ የሄደ ሰው ምን ዓይነት ማሊያ ይዞ እንደሚመለስ ማን ያውቃል?

የእኛ ሰሜንና ደቡብ ፉክክር ነበረውም አልነበረውም፣ አንድ ነገር ግን ነበረው፤ አውቶቡስ። ሁለት ክለቦች የሚተዋወቁት አንዱ የሌላው ከተማ ሲያድር ነው። የጎንደር ደጋፊ ሆሳዕና ላይ አልጋ መፈለግ፣ ክትፎውን በቆጮ መብላት፣ በአቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ተሰድቦ በማግስቱ በተዘጋ ጉሮሮ መሳፈር ነበረበት። የሆሳዕናውም እንዲሁ ፋሲል ግንብን ሳያይ አይመለስም። ይህ በ2012 ቆመ። ኮሮና ሊጉን አሰረዘው፤ በ2013 ሲመለስ የዲኤስቲቪን ካሜራ ይዞ መጣ፤ ካሜራው ደግሞ እንደ ክለቦቹ ከተማ ለከተማ አይዞርም። ክለቦቹ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰብስበው በየተራ የሚጫወቱበት ዘመን ሆነ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ፣ ኋላም አዳማ። ገንዘቡ ጥሩ ነው፣ ምስሉም ጥሩ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በዚያው በ2013 ፋሲል የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ ሆሳዕና ሄዶ፣ በሆሳዕና ሕዝብ ፊት አሸንፎ ወይ ተሸንፎ አልነበረም። ከሩቅ ክለብ ጋር ለመቀያየም እንኳ የሚሆን አጋጣሚ ጠፋ።

ሀምበርቾ ዱራሜ የዚህ ነገር ትልቁ ተጎጂ ነው እላለሁ። በ2015 መጨረሻ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አደገ፤ ከምባታ ጨፈረ። በ2016 አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሀዋሳ ሲጫወት ከርሞ በዓመቱ ወረደ። ፕሪሚየር ሊግ ዱራሜን አንድ ቀን እንኳ ሳይረግጣት ማለት ነው። ባለሱቁ ክለቡን ከዐፄዎቹ ጋር ያየው በቴሌቪዥን ነው፤ ለዚያውም ቤቱ ውስጥ ሌላው ሰው የእንግሊዙ ጨዋታ እንዲቀየርለት እያጉረመረመ። ቢሸነፍም በሜዳው ተሸንፎ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። እንግዳው ቡድን ያደረበት ሆቴል፣ ተጫዋቹ ፎቶ የተነሳበት አደባባይ፣ ዳኛው የተሰደበበት ጥግ ይቀር ነበር።

ብሔራዊ ቡድኑም በሰው ሜዳ ከመጫወት አላመለጠም። ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፍንበትን የሰኔ 2014 ጨዋታ «በሜዳችን» ያደረግነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ነው። ድቻም በ2010 ዛማሌክን ሲያስተናግድ ሶዶ ላይ አልነበረም፤ ሀዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ግብጽ ላይ በመለያ ምት ጣለው። ባለሱቁ ስለዚያ ጨዋታ ሲነሳ የጎረቤት ነገር ሁሉ ይረሳዋል። «ያን ማታ ድቻ ነበርኩ» ይላል። «ለአንድ ማታ ብቻ። ባለቤቴ ግን እስከዛሬ ትቆጥርብኛለች።»

ሊጉ ሀዋሳ ሲገባ ጓደኞቹን ሰብስቦ ይሄዳል። ባለፈው የተቀመጡት ከፋሲል ደጋፊዎች አጠገብ ነው፤ ከጎንደር የመጡ ሳይሆኑ ሀዋሳ የሚኖሩ። ከመካከላቸው አንዱ በደግነት፣ «እናንተ ደቡቦች መቼም ኳስ ትችላላችሁ» አለው።

«ደቡብ አይደለንም» አለ የእኔ ሰው። እውነቱን ነው፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ዶዮገናም ሆሳዕናም ያሉት ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው። ከተቀመጡበት ሳይነሱ ከዳር ወደ መሀል ገቡ።

ጎንደሬው ግራ ገባው። «ታዲያ ደቡቡ ማነው?»

ባለሱቁ ሳያቅማማ፣ «ድቻ» አለው።