የአደራ ድርሰት

አንድ ልብ ወለድ ተነብቦ ሲያልቅ መጽሐፉ ይከደናል እንጂ ገጸ ባሕርያቱ ከአንባቢው ልቡና ወዲያው አይወጡም። አንባቢው «ከዚያስ በኋላ ምን ሆኑ?» እያለ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰው ጥያቄውን እንደያዘ ወደ ዕለት ተግባሩ ይመለሳል። ጥቂቱ ግን ብዕር አንሥቶ መልሱን ራሱ ይጽፋል። በውጭው ዓለም «ፋን ፊክሽን» የሚሰኘው፣ በአማርኛ የአድናቂ ድርሰት ሊባል የሚችለው የጽሑፍ ዓይነት የተወለደው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

የዚህ ድርሰት ዕጣ ከሌላው ድርሰት የተለየ ነው። ጸሐፊው ገጸ ባሕርያቱን አልፈጠራቸውም፤ ብዙውን ጊዜም ገንዘብ አያገኝባቸውም፤ ሐያስያንም ዞር ብለው አያዩለትም። የሚጻፈው እጅግ ብዙ ነው፤ የሚረሳውም የዚያኑ ያህል ነው። ሆኖም ከመካከላቸው ጥቂቶቹ ከአንዱ የአድናቂ ትውልድ ወደ ሌላው እየተላለፉ ለአሥርት ዓመታት ይነበባሉ። እነዚህን ከመረሳት ያዳናቸው ምንድን ነው? የሼርሎክ ሆምዝ አድናቂዎች ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ብዙ ማስረጃ ያቀርባል።

አርተር ኮናን ዶይል ይህን ዝነኛ መርማሪ ለአንባቢ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። በ1893 በስዊዘርላንድ ፏፏቴ ገደል ሰድዶ የሞተ አስመሰለው፤ በ1903 ደግሞ ከሞት አፍ መልሶ አመጣው። 56 አጫጭር ታሪኮችና 4 ረጃጅም ልብ ወለዶች ጽፎለት በ1930 ዐረፈ። ነገር ግን እያወቀም ሆነ ሳያውቅ ብዙ በሮችን ገርበብ አድርጎ ነበር የሄደው። ተራኪው ዶክተር ዋትሰን ስማቸውን ብቻ ጠርቶ የሚያልፋቸው የምርመራ ጉዳዮች አሉ። በ1922 በወጣ አንድ ታሪክ ውስጥም የእነዚህ ጉዳዮች መዝገብ ለንደን በሚገኝ ባንክ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ እንደሚገኝ ይናገራል። ያቺ ሣጥን ላለፉት አንድ መቶ ዓመታት ስንቱን አንባቢ ደራሲ እንዳደረገችው ቆጥሮ የሚዘልቅ የለም።

የዘላቂነት የመጀመሪያው ምክንያት እዚህ ላይ ይታያል። የሚዘልቅ የአድናቂ ድርሰት ዋናው ደራሲ በተወው ስንጥቅ በኩል ይገባል። አሜሪካዊው ኒኮላስ ሜየር በ1974 ባሳተመው «ሰባት በመቶው መፍትሔ» ሆምዝን ከኮኬይን ሱስ እንዲፈወስ ወደ ቪየና፣ ወደ ዶክተር ሲግመንድ ፍሮይድ ይወስደዋል። ሜየር የፏፏቴውን ታሪክ ራሱን የዋትሰን ፈጠራ እስከ ማድረግ ደርሷል። እንዲህ ያለው ድፍረት በሌላ ጸሐፊ እጅ ቢሆን አድናቂዎችን ባስቆጣ ነበር። እሱን ግን ብዙዎች በደስታ ተቀበሉት፤ ምክንያቱም ኮኬይኑን ሜየር አላመጣውም። ዶይል ራሱ በ1890 በወጣው «የአራቱ ምልክት» መግቢያ ላይ ጽፎታል። አንባቢ ለሰማንያ ዓመታት ያህል እያየ ያለፈውን ቁስል ሜየር ዳሰሰው።

ስንጥቁን ማግኘት ብቻውን ግን አይበቃም። ጸሐፊው የራሱ የሆነ ነገር ይዞ መግባት አለበት። በቺካጎ የኖረው ጋዜጠኛና መጽሐፍ ሰብሳቢ ቪንሰንት ስታሬት በ1920 «ብቸኛው ሃምሌት» የተሰኘ የሆምዝ ታሪክ ጽፎ፣ ለወዳጆች እንዲዳረስ በግል በጥቂት ቅጂ ታተመለት። ጉዳዩ የጠፋ መጽሐፍ ነው፤ እጅግ ብርቅ የሆነ የሼክስፒር ሃምሌት ቅጂ። የሆምዝና የዋትሰን አነጋገር የዶይልን ለዛ ጠብቋል፤ ለአንድ አሮጌ መጽሐፍ የሚያብድ ሰው ጭንቀት ግን የስታሬት የራሱ ነው። በቅኔ አነጋገር ሰሙ የዶይል፣ ወርቁ የስታሬት ነው ማለት ይቻላል። በ1944 ይህ ታሪክ ከሌሎች መሰሎቹ ጋር በአንድ መድበል ሲወጣ የዶይል ወራሾች ተቃወሙ፤ መድበሉም ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ታሪኩ ግን አልጠፋም። አድናቂዎች እስከ ዛሬ ድረስ በዘርፉ ከተጻፉት ምርጦች መካከል ይቆጥሩታል።

ከሁሉ የሚደንቀው የኦገስት ደርሌት ጉዳይ ነው። በ1928 ደርሌት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ለዶይል ደብዳቤ ጽፎ ተጨማሪ የሆምዝ ታሪኮች ይጻፉ እንደሆነ ጠየቀ፤ የመጣለት መልስ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። ወጣቱም የሚወደው ነገር ሲያልቅ ቆሞ ከማየት ሶላር ፖንስ የተባለ የራሱን መርማሪ ፈጠረ፤ በለንደን ፕሬድ ጎዳናም ቤት ሰጠው። ማንን እንደሚመስል አልደበቀም፤ ፖንስ በታሪኮቹ ውስጥ የፕሬድ ጎዳናው ሼርሎክ ሆምዝ ተብሎ ይጠራል። ደርሌት በዕድሜው ስለ ፖንስ የጻፋቸው ታሪኮች ዶይል ስለ ሆምዝ ከጻፋቸው በቁጥር ይበልጣሉ። በ1966 የፖንስ አድናቂዎች የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ደርሌት በ1971 ሲሞት ደግሞ እንግሊዛዊው ባዝል ኮፐር የፖንስን ታሪክ ተረክቦ መጻፉን ቀጠለ። አንድ ተማሪ ከናፍቆት ብዛት የጀመረው ቅጂ በተራው የሚናፈቅ ሆነ።

የማይዘልቀውን ድርሰት ጠባይ ለማየት ደግሞ ወደ ሌላ አድናቂ ማኅበረሰብ መሻገር ያስፈልጋል። ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው «ስታር ትሬክ» በታይፕ ተመትተው፣ በማባዣ መኪና ታትመው፣ በፖስታ የሚላኩ ብዙ የአድናቂ መጽሔቶችን አስገኝቷል። በ1973 ፓውላ ስሚዝ ከእነዚህ በአንዱ ላይ አጭር ስላቅ አወጣች። ዋና ባለታሪኳ ሜሪ ሱ ገና አሥራ አምስት ዓመት ተኩል የሆናት መኮንን ናት፤ ሁሉን ታውቃለች፣ ሁሉም ይወዳታል፣ ስትሞትም ሁሉም ያለቅስላታል። ስላቁ ያነጣጠረው ራሳቸውን በታሪኩ መካከል አስቀምጠው ነባሮቹን ገጸ ባሕርያት አጫፋሪ በሚያደርጉ ጸሐፊዎች ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ሜሪ ሱ» የዚህ ጉድለት መጠሪያ ሆነ። ራስን ማሞገሻ የሆነው ድርሰት ሲረሳ፣ ያጋለጠው ጥቂት ገጽ ስላቅ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ይህ ማለት ጸሐፊው ከድርሰቱ ፈጽሞ ይጥፋ ማለት አይደለም። ስታሬት በመጽሐፍ ፍቅሩ፣ ደርሌትም በናፍቆቱ በታሪኮቻቸው ውስጥ አሉ። ልዩነቱ እነሱ ለገጸ ባሕርዩ አገልጋይ ሆነው መግባታቸው ነው። የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ የአደራ ዕቃ ነው። አደራ ተቀባይ ዕቃውን እንደ ራሱ ቢያባክነው ይወቀሳል፤ ፈርቶ ቀብሮ ቢያቆየውም ምስጋና አያገኝም። የሚመሰገነው ጠባዩን ሳይለውጥ አበልጽጎ የመለሰ ነው።

ፍርዱን የሚሰጠውም አንባቢ ነው። ዛሬ ማባዣ መኪናው ቀርቶ የአድናቂ ድርሰት በኢንተርኔት በቅጽበት ይዳረሳል፤ የመጨረሻዎቹ የሆምዝ ታሪኮችም ከ2023 ጀምሮ በአሜሪካ ከደራሲ መብት ገደብ ወጥተዋል። የሚከለክል ወራሽም ሆነ የቅጂ እጥረት አሁን የለም። አንድ ታሪክ ከዓመታት በኋላ የሚነበበው ግን ዛሬም እንደ ጥንቱ፣ ያነበበው ሰው ለወዳጁ «ይህን ሳታነብ እንዳትቀር» ሲለው ነው።