ከሳንቃው በታች

ክረምት ሲቃረብ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ አንጋጦ ጣሪያ ያያል። ቆርቆሮው ተበስቷል ወይ? ሚስማሩ ላልቷል ወይ? መቼም ይህ ተገቢ ነው፤ የሚያፈስ ጣሪያ ጮኾ ይናገራል፣ ባልዲ ያስደቅናል፣ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ወለል ግን አይጮኽም። ከወለሉ በታች ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ጭራሹን የሌለ ያህል ተረስቷል። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለዚሁ ስለተረሳው ቦታ ነው።

ከስድስት ኪሎ ብዙም ሳንርቅ አራት ሆነን የተከራየናት ክፍል ያለችው በዕድሜ አያቶቻችንን በሚያስንቅ ቤት ውስጥ ነው። የድሮዎቹ ግንበኞች ብልሆች ነበሩ። ሳንቃውን መሬት ላይ አላነጠፉትም። ዙሪያውን የድንጋይ መሠረት አቁመው፣ በላዩ የጥድ ሞራሌ አጋድመው፣ ሳንቃውን ከዚያ በላይ መቱት። ከሥር የቀረው ክፍተት ሰው በደረቱ እየተሳበ የሚያልፍበት ያህል ነው። በመሠረቱም ላይ እዚህም እዚያም መዳፍ የሚያሾልክ ቀዳዳ ትተዋል። አላፊ አግዳሚው ሲያየው የአይጥ በር ይመስለዋል፤ የቤቱ አፍንጫ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፈር ደረቅ ሲመስል እንኳ እርጥበት ይተነፍሳል። መውጫ ያጣ እርጥበት ሽቅብ ወጥቶ ከሳንቃው ሆድ ላይ ይለጠፋል። እንጨት የያዘው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ አይበሰብስም፤ ከዚያ ሲያልፍ ሻጋታው ይጀምረዋል፣ እየባሰ ሲሄድ ብስባሴ ይከተላል። ጥድ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ምስጥንም ብስባሴንም ይችላል። ሆኖም ጥድም ቢሆን ዕድሜ ልኩን እየራሰ አይኖርም።

ቤቱ ዛሬ በቺፑድ ተሸንሽኖ አራት ቤተሰብ ይዟል። ጎረቤቶቻችንን የምናውቃቸው በሳላቸውና በሬዲዮናቸው ነው። እያንዳንዱ የየራሱን ክፍል ቀለም ይቀባል፣ የየራሱን በር ያጠብቃል። ቺፑዱ ግን ወለሉ ላይ ያበቃል። ከወለሉ በታች ድርሻ የለም፣ ቁልፍ የለም፤ አንድ ጨለማና አንድ አየር ነው። የሁሉም ስለሆነም የማንም አልሆነም። አከራዩ ኪራይ ሲደርስ እንጂ ወለል ሲሰምጥ አይታዩም።

አልጋ ሥር ያስቀመጥናቸው ደብተሮች ሻጋታ ሲያወጡ ጊዜ በግንቦት 2017 ባትሪ ይዘን ገባን። ፈተና ደርሶ ነበር፤ ክረምትና ፈተና መቼም ተያይዘው ነው የሚመጡት። ከውስጥ ያገኘነውን ብንዘረዝር ገጹ አይበቃንም፦ አይጥ የጎተተው ቆረቆንዳ፣ የበሰበሰ ጋዜጣ፣ አንድ እግር ጫማ። ከጀርባ በኩል አፈሩ ጭቃ ነበር። ሞራሌውን በካቻቢቴ ስንወጋው እንደ ዳቦ ገባ። በላዩ ያለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ብቻቸውን የሚኖሩት እማማ አልጋ!

የጀርባዎቹ ቀዳዳዎች በሙሉ በጨርቅ ተወትፈዋል። የወተፉት እማማ ራሳቸው ናቸው። የእኛ ቀዳዳዎች ክፍት ነበሩ፤ ግን አየር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ካልወጣ ምን ያደርጋል? ሄደን ነገሩን ስናስረዳቸው በጥሞና አዳመጡንና፣ «ልጆቼ፣ ቁርጥማቱ እኮ ጉልበቴን ጨረሰው። ቀዳዳውን ከፍታችሁ ብርዱን ለማን ልትሰጡት ነው?» አሉን።

ለዚህ ጥያቄ ከትምህርታችን መልስ አላገኘንም። አንዳችን ስለ እርጥበት፣ አንዳችን ስለ ሻጋታ ለማስረዳት ሞክረን ዝም አልን። እውነታቸውን ነው። ብርዱ የሚመጣው በእሳቸው እግር ሥር ነው። ስለዚህ ከላይ ጀመርን። የሳንቃቸውን ስንጥቅ በቀጭን እንጨት ደፈንን፣ ካርቶን ደራርበን አነጠፍን፣ በላዩ ሰሌን ጣልንበት። እማማ ሁለት ሌሊት ተኝተውበት፣ «በሉ እንግዲህ፣ ጨርቃችሁን አውጡ» ብለው ፈቀዱልን።

የቀረው ሥራ የቅዳሜና የእሑድ ነበር። ጭቃው የመጣው ከተሰበረው አሸንዳ ነው። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,800 ሊትር ውኃ ይሆናል፤ ይህም ዘጠኝ በርሜል ማለት ነው። ይህ ሁሉ መሠረት ሥር ሲፈስ አስቡት! አሸንዳውን ጠገንን፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ የሚያወርድ ቦይ ቆፈርን፣ ከሥር ያለውን ጥራጊ ሁሉ አወጣን። ቀዳዳዎቹን ከፍተን አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ መታንባቸው። በክረምት የውጪውም አየር እርጥብ ስለሆነ ቀዳዳ ብቻውን አያደርቅም፤ ስለዚህ አፈሩን በላስቲክ ሸፈንን። ጠርዙን ከስንዝር በላይ ደርበን ድንጋይ ጫንበት። የበሰበሰውን ሞራሌ በአጭር የጥድ ምሰሶ ደገፍነው፤ እንጨቱ አፈር እንዳይነካ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥን። የተቃጠለ ዘይት ቀቡት ያሉንም ነበሩ፤ ሽታው በሳንቃው ወደ እማማ ክፍል ይወጣል ብለን ተውነው። ለላስቲኩና ለሽቦው አራቱም ቤቶች አዋጡ። ሲከራከሩ ያመሹ ነበሩ፣ ግን አዋጡ።

በጥቅምት ክረምቱ ወጥቶ እንደገና ስንገባ ከላስቲኩ በላይ ያለው ሁሉ ደረቅ ነበር። ካቻቢቴው ከተደገፈው ሞራሌ በቀር ሌላው ጋ አልገባም። ያ አንዱ መቀየር አለበት፤ እስካሁን ገንዘቡ አልሞላም። የእማማም ጉልበት አልዳነም፤ ሰሌኑን ግን አላነሡትም።

እናንተም በድሮ ቤት የተከራያችሁ ካላችሁ፣ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ነውና ግንቦት ሳያልቅ ቤቱን ዙሩት። ጅብ ከሄደ በኋላ መጮኽ ለውሻም አልበጀው። ቀዳዳዎቹን ፈልጉ፤ የተወተፈ ካገኛችሁም ጨርቁን ከመንቀላችሁ በፊት የወተፈውን ሰው ጠይቁ።