በመምህሬ ቤት

ሙዚቃ በትምህርት ቤት ብቻ የሚቀሰም እውቀት አይደለም። ለባሕላዊ መሣሪያዎቻችን ለብዙ ዘመን ትምህርት ቤቱ የመምህሩ ቤት፣ መጽሐፉም የመምህሩ እጅ ነበር። በገና ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው በዚሁ መንገድ ነው። የታወቁት የበገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል፤ እሳቸው ራሳቸው ግን በልጅነታቸው የተማሩት ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነበር። እኔም ስለ ቤት ትምህርት ለመናገር የምደፍረው ጥቂት ወራት ስለ ቀመስኩት ነው።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ቴአትር እጽፍ ነበር። በሦስተኛው ገቢር ልጇ የሞተባት እናት ብቻዋን ትቀመጣለች፤ በዚያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ በገና እንዲሰማ ፈለግሁ። ለዚህ ያህል እኔው ብማር ይበቃል ብዬ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ሄድኩ። ስማቸው እንዲነሣ አይወዱም ነበርና፣ እዚህም ተማሪዎቻቸው እንደሚጠሯቸው የኔታ እላቸዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንድማር፣ ክፍያውንም በወሩ መጨረሻ እንዳቀርብ ተስማማን።

«አንድ ዜማ ይበቃኛል» አልኳቸው።

የኔታ ፈገግ ብለው፣ «ዜማውስ ይበቃሃል፤ አንተ ለዜማው ትበቃ እንደሆነ እናያለን» አሉኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች አንድም ዜማ ሳልደረድር አለፉ። በገና ከበግ አንጀት የሚሠሩ ዐሥር አውታሮች አሉት። አውታሮቹ በበርኩማው ላይ ሲያርፉ፣ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ የምናውቀው፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚነዝር ድምፅ የሚወጣው እንዚራዋ በትክክለኛ ቦታዋ ስትቀመጥ ነው፤ ጥቂት ፈቀቅ ካለች አውታሩ ዲዳ ይሆናል። የኔታ ዐሥሩንም እንዚራዎች ያወጡና «አግባ» ይሉኛል። አንዷን ሳስተካክል ሌላዋ ትበላሽብኛለች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ፣ «አራተኛዋ አልተናገረችም» ይላሉ። ባለቤታቸው ቡና ያፈላሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ደወል የሚባል ነገር የለም፤ ትምህርቱ የሚያበቃው የኔታ «በል ቡና ጠጣ» ሲሉ ነበር።

ከዚያ ወደ ጣት ትምህርት አለፍን። ከዐሥሩ አውታሮች ሁሉም አይመቱም፤ አንዳንዶቹ ጣት የመታውን አውታር ለቆ የሚያርፍባቸው ናቸው። «የማይመታ አውታር ለምን ተወጠረ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ማረፊያ የሌለው ጣት ይሮጣል» አሉኝ።

ሁለት ወር ተኩል ሲሞላ አንድ አጭር ዜማ ከነስሕተቱ መደርደር ቻልኩ። ወዲያውም መቅረት ጀመርኩ። የመድረክ ልምምድ ነበረብኝ፤ ምክንያት አላጣሁም። እውነቱ ግን የፈለግሁትን የወሰድኩ መስሎኝ ነበር። የመጨረሻውን ወር ክፍያ እንኳ አላደረስኩም። ቴአትሩ ታየ፤ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ደረደርኩ፤ ተመልካቹም ጸጥ ብሎ አዳመጠ።

በሦስተኛው ምሽት የኔታን ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠው አየኋቸው። ማን እንደ ነገራቸው አላውቅም። በሩ ላይ ጠብቄ እጅ ነሣሁና እንዴት እንዳገኙት ጠየቅኋቸው።

«ሴትዮዋ አሳዘነችኝ» አሉ። «ግን ልጄ፣ በገናውን የሚደረድረው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«እሱማ ጣትህን ዐውቀዋለሁ። በቴአትሩ ውስጥ ማነው ማለቴ ነው። በዚያች ቤት በገና የያዘ ሰው አላየሁም። በገና ሰው ከፈጣሪው ጋር ሲነጋገርበት ነው፤ ባለቤት የሌለው ጸሎት አለ እንዴ?»

ስለ ክፍያው አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም መልስ አልነበረኝም። የአንድ ሰው ጸሎት መሆን የሚገባውን ድምፅ የኀዘን ማድመቂያ አድርጌው ነበር። በጽሑፌ ያላገኘሁትን ኀዘን ከበገናው ተበድሬ፣ ለባለቤቱም ሳልከፍል ቀርቼ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዕዳዬን ይዤ ሄድኩ። ገንዘቡን ሳይቆጥሩ ከምንጣፉ ሥር አኖሩትና በገናውን አቀረቡልኝ። ዐሥሩም እንዚራዎች ወጥተው ነበር።

ያንን ገቢር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ጻፍኩት። አሁን እናትየዋ ራሷ የልጇን በገና ከግድግዳ ታወርዳለች፤ እንዚራዎቹን አንድ በአንድ ታስገባለች፤ አንዱን አውታር ነክታ ታዳምጣለች፤ መደርደር ሳትጀምርም መጋረጃው ይዘጋል። ከጻፍኳቸው ገቢሮች ሁሉ ያለ ኀፍረት የማነበው ይህንኑ ነው።

የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች እንደሚያስፈልጉን አልጠራጠርም። የቤት ትምህርት ጥቂቶችን ብቻ ይደርሳል፤ በአንድ ሰው እስትንፋስ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነም መምህሩ ሲያልፍ ቤቱ ይዘጋል። የኔታ በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። በእጃቸው ከነበሩት ዜማዎች እኔ የያዝኩት ሁለት ብቻ ነው፤ በቴፕ ልቅረጽልዎ ብዬ የጠየቅኋቸውም ቀን የለም። ስለ ባሕላዊ ቅርስ በየስብሰባው ስናገር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ይህ ጥፋት የሌላ የማንም አይደለም።

ስለዚህ ለመምህራንና ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው አጭር ነው። በየሰፈራችን አንድ ዐዋቂ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። እንሂድ፤ መቅረጫም እንያዝ። ስንሄድ ግን የምንወስደውን ዜማ አስቀድመን አንቁጠር፤ መጀመሪያ እንዚራዋን ማስገባት እንማር።