«ሞግዚትህን ይዘህ ና»

ከወልቂጤና ከቡታጅራ በአንዷ፣ ከፍርድ ቤት አጥር ሥር ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ዘንድ የራሴን ጉዳይ ሳስጽፍ ከጎኔ የነበረውን ልጅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዕድሜው ቢበዛ ዐሥራ አምስት ነው። ያደገው በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ነበር። ወደ ዘመድ ሲመለስ ቃል የተገባለት የትምህርት ድጋፍ ተቋርጦበታል፤ የትምህርት ማስረጃውም አልተሰጠውም። ጸሐፊው እየሰማ ጻፈለት፤ በ«ጉዳዩ» ጀምሮ በ«ከታላቅ አክብሮት ጋር» ጨረሰለት፤ ገንዘብም አልተቀበለውም። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ስሙን ወደማልጠቅሰው ጽሕፈት ቤት ገባ። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ተመለሰ።

«ሞግዚትህን ይዘህ ና አሉኝ» አለ።

ሞግዚቱማ አቤት የተባለበት ድርጅት ራሱ ነው!

ነገሩን ቆይቼ ሳሰላስለው ያ ሠራተኛ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል አልኩ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው ፍርድ ቤት ቆሞ ለመሟገት ሞግዚት ያስፈልገዋል፤ ሠራተኛው ይህንኑ የችሎት ሥርዓት ወደ ቢሮው አምጥቶ የበር መዝጊያ አደረገው። ክስ ግን ሌላ፣ አቤቱታ ሌላ። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንን በ1992 ዓ.ም. ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 210 አቤቱታን ተበዳዩ ራሱ፣ ቤተሰቡ ወይም ሦስተኛ ወገን በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሊያቀርብ እንደሚችል፣ ክፍያም እንደማይጠየቅበት ደንግጓል። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ደግሞ የተፈጠረው የአስተዳደር በደልን ለመመርመር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ሲያዝ መንግሥትን ብቻ ሳይሆን የግል የበጎ አድራጎት ተቋማትንም በስም ጠርቷል። ታዲያ ይህን ሁሉ ለዚያ ልጅ የነገረው ማን ነው?

መንገዱም ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ ቢሮዎች በተለያዩ ከተሞች ተከፋፈሉ፤ ቡታጅራም ከወልቂጤ ተለይታ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ዐዋቂ እንኳ የትኛው ቢሮ የት እንዳለ ጠይቆ በሚሄድበት ጊዜ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ የሌለው ልጅ ከከተማ ከተማ ይዙር ማለት አትምጣ ማለት ነው። በጽሕፈት ቤት ዓለም ደግሞ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ያልተሰጠው ወረቀት እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ልጅ ይህን አያውቅም። አንዲቱን ቅጂውን አስረክቦ ባዶ እጁን ይወጣል። (በቡታጅራ ዙሪያ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደትና ሞት ሲመዘግቡ ኖረዋል። የልጅ አቤቱታ ለመመዝገብስ አንድ ደብተር ይጠፋል?)

የዝምታው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ጃሪ አሳይቶናል። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በወሎ በተቋቋመው የጃሪ ሕፃናት መንደር ወንዶች ልጆችን በወሲብ የደፈረው እንግሊዛዊ ኃላፊ የዘጠኝ ዓመት እስራት የተፈረደበት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በደሉ የተፈጸመው ግን በ1990ዎቹ ነበር። ልጁ የሚበላው ከዚያ ሰው እጅ፣ የሚተኛው በዚያ ሰው ጣራ ሥር ሆኖ ለማን አቤት ይበል? ለዚህ ነው አቤቱታ ሰሚው ከእንጀራ ሰጪው የተለየ መሆን ያለበት፤ በማሳደጊያው ግቢ ውስጥ የሚሰቀል የአስተያየት ሳጥን፣ ቁልፉ በኃላፊው ኪስ ከሆነ፣ ጌጥ ነው።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው አባባል ከቢሮዎቻችን አልወጣም። ሆኖም ጉራጌ የአቤቱታ አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የቃቄ ወርድወት ሴቶችን አስከትላ በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የጋብቻውን ሥርዓት ስትሞግት፣ ሸንጎው ሴት የሚናገርበት ቦታ አልነበረም። እርሷም ባልሽን ይዘሽ ነይ ሳትባል አልቀረችም፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ስለ ራሴም ልናገር። «ሦስተኛ ወገን» የሚለውን ቃል ያን ዕለት አላውቀውም ነበር። ባውቀው ኖሮ ከልጁ ስም በታች ስሜን አስጽፌ አብሬው መግባት እችል ነበር። የራሴን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ከጊዜ በኋላ ወደዚያው አጥር ተመልሼ ጸሐፊውን ስለ ልጁ ጠየቅኩት። አዲስ አበባ ገብቶ ሊስትሮ ሆኗል ይላሉ አለኝ፤ ማስረጃውን ያግኝ አያግኝ አያውቅም።