ከላሎ ዛፍ ሥር ያደርን ሰዎች

ሥራዬ ድንኳን ነው። ጎንደር ላይ ለጎብኚ ድንኳን እጭናለሁ፣ እተክላለሁ፣ እሳት አነዳለሁ፣ ጠዋት አጥፌ እመልሳለሁ። ዘመኑ ደህና ሲሆን የምንወጣው ወደ ሰሜን ተራሮች ነው። ሳንቃበርና ግጭ ላይ እንግዳው በብርድ ይንቀጠቀጣል እንጂ ሌላ ብዙ የሚጎዳው ነገር የለም። አልፎ አልፎ ታዲያ የከተማ ልጆች ይመጡና «ብርዱ ሰለቸን፤ ቆላ አውርደን» ይሉኛል። የሚፈልጉት ሙቀት፣ አንበሳ፣ ሰፊ ሰማይ ነው። ከቆላዎቹ ፓርኮች ጎደቤን ወይም አላጥሽን በስም ጠርተው የሚመጡም አሉ። እምቢ አልልም። «መንገዱ ሰላም ሲሆን እወስዳችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቁጭ በሉና ይህን ስሙ» እላቸዋለሁ። የምነግራቸው እንዲህ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ከአዲስ ዘመን ተነስተን ወደ አብደራፊ ወረድን፤ እኔና አንድ የሠፈሬ ልጅ። የአሥረኛ ክፍል ውጤታችን አላራመደንም። መሬትም የለንም። ቆላ ወርዶ፣ በአንድ ክረምት ሠርቶ፣ አዲስ ልብስና ስልክ ይዞ የተመለሰ ጎረቤት ግን ነበረን፤ ያ በቂ ነበር። ጎንደርን፣ ሳንጃን፣ አብርሃ ጅራን እያለፍን ስንወርድ በመስኮት የሚገባው ነፋስ እየሞቀ ሄዶ በመጨረሻ ፊት የሚጠብስ ሆነ።

አብደራፊ ላይ የቀን ሠራተኛ የሚቀጠረው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው። የባለሀብቱ ወኪል ይመጣል፤ ትከሻህን ያያል፤ ዋጋ ይናገራል፤ ከተስማማህ የትራክተር ተጎታች ላይ ትወጣለህ። አንገረብን ስንሻገር ወንዙ ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቶት ነበር። ከማዶ ያለው ፋሽጋ ነው፤ በአንገረብ፣ በአትባራና ሱዳኖች ሰቲት በሚሉት በተከዜ መካከል የተዘረጋ ጥቁር አፈር። ያን ጊዜ የሚያርሰው በአብዛኛው የእኛ ሰው ነበር፤ ካርታው ግን ወደ ሱዳን ያደርገዋል። አፄ ምኒልክና እንግሊዞች በ1902 እ.ኤ.አ. ተዋዋሉ፤ በማግስቱ ዓመት ሻለቃ ግዊን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ድንበሩን በምድር ላይ ምልክት እያደረገ አለፈ፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ይመዘዛል። ተጎታቹ ላይ ሆነን አሁን ያለነው የት አገር ነው ብለን ብንጠይቅ አንዱ «ኢትዮጵያ»፣ ሌላው «ሱዳን» አለን። ሦስተኛው ሳቀና «የባለሀብቱ አገር ናችሁ» አለ።

ከእኛ በፊት በዚያ አካባቢ ለደስታው ድንኳን የተከለ ሰው ነበር። ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ በ1861 እ.ኤ.አ. ክረምቱን አትባራ ዳር፣ ሶፊ በምትባል መንደር ካሳለፈ በኋላ በጋውን ሰቲት ዳር ዝሆን ሲያሳድድ ከረመ። ሐምራን የሚባሉት አረቦች ዝሆንን በፈረስ ተከትለው ቋንጃውን በሰይፍ እንደሚቆርጡ ጽፏል። አንድ እንግዳዬ ነው ታሪኩን ያስነበበኝ። እኔ የማውቀው ያ ምድር ዝሆን ቀርቶ ዝሆን የሚጋርድ ቁጥቋጦ እንኳ አልነበረውም። ፋሽጋ በሚገኝበት የሱዳን ግዛት፣ ገዳሪፍ ላይ፣ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትራክተር ገባ፤ ማሽላና ሰሊጥም ዱሩን እየገፋ ሄደ። እርሻ መካከል ቆሞ የቀረ ነገር ቢኖር ላሎ ነው። በደኖ የሚሉትም አሉ። ለጥላውና ለፍሬው ሲባል አይቆረጥም።

ሥራችን ምንጣሮ ነበር፤ ዝናብ ሳይገባ ያምናውን አገዳ ማቃጠል፣ ቁጥቋጦ መቁረጥ፣ ጉቶ መንቀል። ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ፀሐይ የዋለበት መጥረቢያ በባዶ እጅ አይነካም። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ጀምረን ረፋድ ላይ እናቆማለን፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንቀጥላለን፤ ጨረቃ ካለች እስከ ሌሊት። ውሃ በበርሜል በትራክተር ይመጣል። ሳይመጣ የዋለ ቀን ከብት የቆመበትን ኩሬ በነጠላ አጥልለን ጠጥተናል። ይህን ሁሉ እንደ መከራ የምንቆጥረው ያን ጊዜ ነበር፤ ዋናውን መከራ ገና አላወቅነውም።

ሌሊቱ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይል ነበር። የላስቲክ ዳስ ተሠርቶልናል፤ ነገር ግን ውስጡ ቀን የዋለበትን ሙቀት ይዞ ስለሚያድር፣ ጊንጡም ስለሚበዛ ማንም አይገባበትም። የማዳበሪያ ከረጢት እየጎተትን ትልቁ ላሎ ሥር እንሰፍራለን። ከጋይንት የመጣ ይኖራል፣ ከበለሳ፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ፤ እሳት ይነዳል፣ ቡና ይፈላል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ ሌላው ያልሆነለትን ፍቅር ይተርካል። ሩቅ ጅብ ይጮሃል። እኩለ ሌሊት ሲሆን ከሰሜን በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይመጣና የቀኑን እሳት ያስረሳል። በጀርባችሁ ተንጋላችሁ ስታዩ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ኮከብ ነው፤ ደገኛ የለመደው ተራራ የሚባል ነገር አይጋርደውም። ዛሬ እንግዳ ከፍሎ የሚመኘው ሌሊት ማለት ያ ነው። እኔ በውሎ አበል አግኝቼዋለሁ።

ከእኛ ጋር አንድ ሽማግሌ ሳሉግ ነበሩ። ሳሉግ የሚባለው ቆላውን ለምዶ፣ ወደ ቤቱ መመለስን ትቶ፣ ከእርሻ ወደ እርሻ ሲዞር የሚኖር ሠራተኛ ነው። እሳቸው ቡናቸውን ጠጥተው ይነሱና ከዛፉ ርቀው፣ ተጎታቹ ላይ ወጥተው አጎበር ለብሰው ይተኛሉ። «ልጆቼ፣ የዛፍ ጥላ ለቀን ነው። ሌሊት ተነሱ ከዚያ» ይሉናል። ጓደኛዬ «ጋሼ፣ ጋኔን ፈርተው ነው?» ብሎ አሳቀን። እሳቸውም ሳቁ። አላብራሩልንም። ምናልባት እሳቸውም ምክንያቱን አያውቁት ይሆናል፤ ከዛፍ ሥር ያደረ ሰው ምን እንደሚሆን ግን አይተዋል።

ከረጢታችንን ያነጠፍንበት ዋልካ አፈር በድርቀት ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ክንድ ያስገባል። በዚያ ስንጥቅ ውስጥ፣ በላሎና በግራር ሥር፣ የአሸዋ ዝንብ ውላ ሲመሽ ትወጣለች። ከወባ ትንኝ ሢሶ ብትሆን ነው። ድምፅ የላትም። የምትበዛው ደግሞ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ሙቀቱ በበረታበትና መሬቱ በተከፈተበት ወቅት ነው፤ ልክ እኛ ከደጋ መጥተን መሬት ላይ የተዘረጋንበት ጊዜ። ስትነክስ የምታስገባው ጥገኛ ተውሳክ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ያመጣል። ተውሳኩን ለይተው ያሳወቁት ሌሽማንና ዶኖቫን የሚባሉ ሐኪሞች ናቸው፣ በ1903 እ.ኤ.አ.፤ ግዊን ድንበሩን ሲያሰምር በነበረበት በዚያው ዓመት። ለተውሳኩ መድኃኒት ተገኝቶለታል። ድንበሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ክፋቱ ዝንቧ በነከሰችበት ሰሞን ምንም አለመሰማቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። እኛም ምንጣሮውን ጨርሰን፣ ዘርተን፣ አርመን፣ መስከረም ላይ ሰሊጡን አጭደን፣ እንዲደርቅ ነዶውን ሂላ አድርገን አቁመን፣ ጥቅምት ላይ ብራችንን ይዘን በደህና ገባን። ስልክ ገዛሁ። ለእናቴ ነጠላ ገዛሁ። ኅዳር ላይ ማታ ማታ ትኩሳት ይይዘኝ ጀመር።

ጤና ተቋም ሄድኩ፤ ስሙ ይቆየኝ። ወባ ነው ተባልኩ፣ መድኃኒቱን ጨረስኩ። አልተወኝም። ታይፎይድ ነው ተባልኩ። ቀጥሎ ተመልሶ ወባ ሆነ። ግራ የሚያጋባው ደግሞ አለመውደቄ ነው፤ እበላለሁ፣ እሄዳለሁ፣ ግን ሥጋዬ ያልቃል። ደረቴ እየሳሳ ሄዶ ሆዴ በግራ በኩል እያበጠ መጣ። በዚያ ሁሉ ምልልስ ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ፤ «ክረምቱን የት ነበርክ? የት ታድር ነበር?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ጓደኛዬ ከእኔ ቀድሞ ታሞ ነበር። ቤተሰቦቹ ጸበል ወሰዱት። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም ጠጥቻለሁ። ነገር ግን ከጸበሉ ጋር መርፌም እንደሚያስፈልገው የነገራቸው አልነበረም። አንድ ሌሊት ነስር ጀመረው፤ ደሙ አልቆም አለ። ከገና በፊት ቀበርነው። ከመቃብር ስመለስ ሰዎች እኔን እያዩ ዓይናቸውን ሰበር ያደርጉ ነበር።

ለጥምቀት አክስቴ ከገጠር መጣች። ስትስመኝ ደነገጠች፤ ሸሚዜን ገልባ ግራ ጎኔን በእጇ ዳሰሰች። ጣፊያዬ ከጎድን አጥንቴ ሥር ወጥቶ ወደ እምብርቴ ወርዷል፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። «ይሄ የወንድሜ ሆድ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ «አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ? ዛሬውኑ ጎንደር ውሰጂው!» ብላ ጮኸችባት።

አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን የሊቦ ከምከም ሰው ናት። እኔ ሕፃን ሳለሁ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው በማይታወቅ ትኩሳት ይረግፍ ነበር። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ብዙ ከተቀበረ በኋላ በ1997 ዓ.ም. ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። በሽታው ከዚያ በፊት በደጋው አይታወቅም ነበር፤ ከሁመራና ከመተማ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት አልቀሩም ይባላል። የአክስቴ ወንድም ምርመራው ሳይደርስ ነው ያረፈው። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ የእሱ ሕመም እኔን አዳነኝ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተለየ ማዕከል አለው። ነጭ ጋወን የለበሰው ሰው ገና ሳልቀመጥ «መተማ ነው ሁመራ?» አለኝ። «ፋሽጋ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ ብዙ አልጠየቀም። ጣቴን ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም ወሰደ፤ ብዙ ሳይቆይ መልሱ መጣ። የኤች አይ ቪ ምርመራም ተደረገልኝ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሕክምናው ስለሚለይና ስለሚከብድ ለሁሉም ያደርጋሉ።

ሕክምናው 17 ቀን ነው፤ በየቀኑ ሁለት መርፌ። አንዱ አንቲሞኒ ያለበት ስቲቦግሉኮኔት፣ ሌላው ፓሮሞማይሲን። የመጀመሪያው ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ያቃጥላል፤ ቂጤ መቀመጫነቱን አቆመ። ያስመልሳል፤ ልብንም ሊጎዳ ስለሚችል ይከታተሉሃል። አልጋው ሁሉ የእኔ እኩያ ነው፤ ሆዱ ያበጠ፣ እግሩ የቀጠነ፣ ደገኛ፣ ሰሊጥ የነቀለ ወይም ያጨደ። የኮሮና ወሬ ከሩቅ የመጣው እዚያ ተኝቼ ሳለ ነው። ዓለም በሙሉ አዲስ በሽታ ሲፈራ የእኛ ክፍል ውስጥ የሚወራው ስለ ጣፊያ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ጣፊያዬ እየተሰበሰበ ሄደ። ተረፍኩ።

ካላዛር ካልታከመ ከያዛቸው ከመቶ ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። ያሁኗ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ከ1984 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. በተነሣ ወረርሽኝ ወደ 100,000 የሚገመት ሰው ጨርሷል። ገዳሪፍ እስከ ዛሬ በዓለም ላይ ከሚበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም፤ እዚያ ምድር ላይ ሜዳ የሚያድረው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው። እኔ የመነጠርኩት መሬት በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በሱዳን ጦር እጅ ገባ፤ ገበሬዎቹ ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። በዚያው ሰሞን ከትግራይ የሸሸው ሕዝብ በሐምዳይት በኩል ወደ ሱዳን ተሻግሮ ወደ ኡም ራኩባ መጠለያ ይጓዝ ነበር። በ2015 ደግሞ ሱዳን ስትነድ ሱዳናውያኑ በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ፤ በ2016 ከአውላላ መጠለያ ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ የከረሙ ነበሩ። ሁሉም መሬት ላይ ነው የተኛው። አጎበር ለስደተኛ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ካለ ዋልካ ላይ አንድ ሌሊት ይደር።

አሁን ወደ ድንኳን ፈላጊዎቼ ልመለስ። ጎደቤ በምዕራብ አርማጭሆና በመተማ መካከል ሱዳንን ተጎራብቶ የቀረ ደን ነው። አላጥሽ ከእሱ ደቡብ፣ ቋራ ውስጥ፣ በ1998 ዓ.ም. የተከለለ ሰፊ ፓርክ ሲሆን ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ይገናኛል፤ በ2008 ዓ.ም. አንበሳ መኖሩ በካሜራ ተረጋግጧል። መታየት ያለበት አገር ነው። እኔ ግን ከአንበሳው ይልቅ የምፈራላችሁ ዝንቧን ነው። ድንኳኑን ከላሎና ከግራር፣ ከተሰነጠቀ ዋልካም አርቀን እንተክላለን። ዚፑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋል። ውስጡ በመድኃኒት የተነከረ፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ አጎበር ይገባል። ሲመሽ ክንድና እግር ይሸፈናል፣ የተረፈው ይቀባል። «ኮከብ እያየን ሜዳ ላይ እንተኛ» የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይሄድም፤ በዚህ አልደራደርም።

ተመልሳችሁ ከገባችሁ በኋላ፣ ወር ይሁን መንፈቅ፣ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት ከያዛችሁ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። «ቆላ አድሬያለሁ፤ የካላዛር ምርመራ ይሠራልኝ» በሉ። ከሁመራ፣ ከመተማ ወይም ከአብደራፊ የተመለሰ ልጅ፣ ወንድም፣ ጎረቤት ካላችሁ እናንተ በሉለት። ምርመራው አንዲት የጣት ደም ጠብታ ነው፤ መድኃኒቱም በነፃ ነው የሚሰጠው።