በብስክሌት በማዮርካ ባሕር ዳር

ማዮርካ የስፔን ደሴት ናት። የምትገኘው በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነው። በሰሜን ምዕራቧ ትራሙንታና የሚባል ተራራ አለ። ገደሉ እስከ ባሕሩ ይወርዳል።

እኛ በብስክሌት ወደ ሳ ካሎብራ መንደር ወረድን። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። አንድ ቦታ ላይ ዞሮ በራሱ ሥር ያልፋል። ፍሬን እየያዝን ባሕሩ ዳር ደረስን። መመለሻው ግን ያው መንገድ ነው። ወደ 10 ኪሎ ሜትር ዳገት! ውሃችን ግማሽ መንገድ ላይ አለቀ። ብስክሌቱን እየገፋን ወጣን።

በማግስቱ በደያ መንደር የወይራ ማሳ አየን። ገበሬዎቹ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ደርድረው እርከን ሠርተዋል። እርከኑ አፈሩን ይይዛል። የአገራችንን የኮንሶን እርከን አስታወሰን። ሁለቱም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ገበሬዎቹ ዳገቱን አስበው ሠሩ። እኛ ሳናስብ ወረድን። ቁልቁለት የሚወርድ ዳገቱን ያስብ።