የአክስቴ ነጠላ

ሰሞኑን አክስቴን ልጠይቅ ከባሕር ዳር ተነሥቼ በሐሙሲት በኩል አንበሳሜ ዘልቄ ነበር። አክስቴ አይሱዙዎች ጭነት በሚያራግፉበት መንገድ ዳር ቡና እያፈላች ትሸጣለች። ናፍጣ የምትጠጣውን ፒክአፔን ከፊቷ አቁሜ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ሰላም ስላት ሳሉ ተነሣባት። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና «አንተ ልጅ፣ ያንን ነገር አጥፋልኝ እንጂ!» አለችኝ። ነጩ ነጠላ ግራጫ ሆኗል። በአንድ ቀን የመጣ ባይሆንም የእኔም እጅ አለበት።

ውድ አንባብያን፣ ልናዘዝ። መኪናዋ ከውጭ ያገለገለች ሆና ስትገባ የጥቀርሻ ማጣሪያ ነበራት። አንድ ቀን የማስጠንቀቂያ መብራቱ በራ፤ ጉልበቷም ደከመ። የወሰድኩበት ጋራዥ መካኒክ «ቀፎውን እናውጣልህና ተገላገል» አለኝ። ተገላገልኩ።

ቀፎ ማለቱ ልክ ነው። ማጣሪያው እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ግማሾቹ በመግቢያው፣ ግማሾቹ በመውጫው በኩል ስለተደፈኑ ጭሱ በግድግዳው ሰርጎ ማለፍ ግድ ይለዋል፤ ጥቀርሻው ወደ ኋላ ይቀራል። ሲሞላ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግለት ይቃጠላል። ለዚህም መኪናው ረዘም ላለ ጊዜ ሳይቆም መሮጥ፣ ናፍጣውም ድኝ (ሰልፈር) ያልበዛበት መሆን አለበት፤ ድኝ ማቃጠሉን የሚያግዘውን ቅብ ያዳክመዋልና። የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚፈቅደው ከሚሊዮን እጅ 10 እጅ ብቻ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ እንኳ በ2015 ወደ 50 አውርዳለች።

የእኛን ነዳጅ ከውጭ የሚገዛው መንግሥት ነው። እኔ በቀዳሁባቸው ማደያዎች ዋጋው እንጂ የድኙ መጠን ተለጥፎ አላየሁም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ያረጋገጠው በ2012 ነው። በጥር 2024 ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር ደስ ካላቸው አንዱ ነበርኩ። ነገር ግን ከአክስቴ ፊት የሚቆመው አውቶሞቢል አይደለም፤ ቀድሞ የገባ ያረጀ የጭነት መኪና ነው። ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲወጣማ አየሩ ስለሚሳሳ ናፍጣውን አቃጥሎ መጨረስ ያቅተውና ጥቁር ጅራት ያበቅላል። ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ ፍሬኑን እንደሚፈትሽ ሁሉ ጥቀርሻውን በመሣሪያ ቢለካ፣ የድኙም መጠን በይፋ ቢነገር ምን ይከብዳል? ያኔ እንደ እኔ ያለውም ባለመኪና ሰበብ ያጣል።

ስመለስ ቀፎዬን ፍለጋ ጋራዡ ሄድኩ። በውስጡ ፕላቲነም ስላለ ገዢ አያጣም ኖሯል፤ ተሸጧል።